ጎንደርን አውቆ በጎንደር መሥራት፦ በዩኒቨርሲቲ ከተማ አነስተኛ ንግድ የመጀመር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ የራሱን ሥራ ሊከፍት የተነሣ ሰው ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ግንቡ ላይ ነው። የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ፣ የባህል ምግብ ቤት፣ የማስጎብኘት ሥራ ያስባል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ሁሉም እዚያው መጋፋቱ ነው። ከግንቡ ጥቂት ራቅ ሲባል ግን በየቀኑ የሚበላ፣ የሚያሳትም፣ ልብስ የሚያሳጥብ፣ ቤት የሚከራይ፣ ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰው በሺህ የሚቆጠር ነው፤ የሚያስፈልገውን በአግባቡ የሚያቀርብለትም ጥቂት ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለጎንደር ልጆች ነው። ተመርቆ ሥራ ለሚፈልገው፣ እናቱ በጓሮ የጀመረችውን ሥራ ማስፋት ለሚያስበው፣ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ለመደራጀት ለቆረጠው። ቅደም ተከተሉ ትርጉም ስላለው አትዝለሉት። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው መጀመሪያ ቤት ተከራይቶ፣ ቀጥሎ ዕቃ ገዝቶ፣ ደንበኛውን መጨረሻ ላይ ስለሚፈልግ ነው።

1. ከተማዋ በማን እንደኖረች እወቁ

ታሪክን ከንግድ መመሪያ ላይ ማየት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የጎንደር ገበያ ጠባይ ከታሪኳ የወጣ ነው።

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ከማድረጋቸው በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ ከድንኳን ወደ ድንኳን የሚዘዋወሩ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ በአንድ ቦታ ሲጸና መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ ካህናቱ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እዚያው ከተሙ። ከተማ የሚበላውን አያርስምና ግንበኛ፣ ሸማኔ፣ አንጥረኛ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ጠጅ ጣይ ያስፈልጋል። የሙስሊሙ ነጋዴ ሰፈር አዲስ ዓለም በምጽዋና በስናር መንገድ የሚመጣውን ሸቀጥ ያዘ። በወለቃና በአካባቢው የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ግንብ ገነባ። ነጋዴውን የሚመራው ሹም ነጋድራስ ተባለ።

ከቤተ መንግሥቱ ጎን ለጎን ሌላ ትልቅ ነገር አደገ፤ ትምህርት። ጎንደር የአቋቋም፣ ማለት የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ፣ እንዲሁም የመጻሕፍት ትርጓሜ መናኸሪያ ሆነች። የበአታ ቤተ ክርስቲያን በአቋቋም ስሟ ተጠራ፤ ትርጓሜውም ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ እስኪለይ ድረስ ሊቃውንቱ በዙ። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ተማሪ በእግሩ መጣ። ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ ቆመ፤ የጎንደር እናቶችም ከእንጀራቸው ቆርሰው አበሉት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ስላላት ብቻ የተማሪ ከተማ የምትባል ከተማ አይደለችም፤ ዩኒቨርሲቲው ከመታሰቡ ከብዙ ትውልድ በፊት የሩቅ አገር ልጅ ማኖር ለምዳለች።

ከዚያ ውድቀቱ መጣ። አፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸውን ወደ ደብረ ታቦር ሲወስዱ፣ በኋላም ከተማዋን ሲያጠቋት፣ ጎንደር ተራቆተች። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ድርቡሽ ጦር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ከዚያ መዓት ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ፒያሳን ሠራ፤ የዛሬው የከተማው መሐል የንግድ ሥፍራ አቀማመጥ ያን ጊዜ የመጣ ነው።

የዛሬዋን ጎንደር ለመረዳት ግን ከሁሉም በላይ መያዝ ያለባችሁ ዓመት 1947 ነው። በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ማቋቋም ግድ ሆነ፤ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅትና ከሌሎች ረጂዎች ጋር የሕዝብ ጤና ኮሌጅን በጎንደር ከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ያሠለጥን ነበር። ቆይቶ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪም ማስተማር ጀመረ። በ1996 ዓ.ም. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ወደ ሌሎች የትምህርት መስኮች ሰፋ፤ ማራኪ፣ ቴዎድሮስና ፋሲል ግቢዎች ተጨመሩ።

ነጋዴ ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ይውሰድ። አንደኛ፣ የጎንደር ቋሚ ደንበኛ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚሰነብት፣ ገንዘቡ የተቆጠረ፣ ቤተሰቡ የራቀ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ከተማዋ ከአንድ ምንጭ ብቻ በጠጣች ቁጥር ምንጩ ሲደርቅ አብራ ደርቃለች። ቤተ መንግሥቱ ሲሄድ የሆነውን አስታውሱና የራሳችሁን ሥራ በአንድ ዓይነት ደንበኛ ላይ ብቻ አታቁሙ።

2. ደንበኛችሁን በስም ጥሩት

«ለሁሉም እሸጣለሁ» የሚል ዕቅድ ዕቅድ አይደለም። ጎንደር ውስጥ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ደንበኞች አሉ፤ አንዱን ዋና፣ ሌላውን ደጋፊ አድርጋችሁ ምረጡ።

ተማሪው። በግቢ ውስጥ የሚመገብ አለ፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ውጭ የሚበላ፣ ነን ካፌ የሚባለውም አለ። ይህ ሁለተኛው ለወር ኮንትራት ምግብ አቅራቢ ዋና ደንበኛ ነው። ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ፍርፍርና ፓስታ በየቀኑ ሳይሰለች መብላት ይፈልጋል፤ ንጽሕናና ሰዓት ማክበር ከጣዕም እኩል ያስጨንቀዋል፤ የሃያ ደቂቃ መዘግየት ክፍል ያስቀረዋልና። ጾሙን አትርሱ። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን፣ በረቡዕና በዓርብም ሥጋና ወተት ላይ የተመሠረተ ምግብ ቤት ባዶውን ይውላል። ለሙስሊሙ ተማሪ የታረደው የሚለይበት፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ትኩስ ምግብ የሚያገኝበት ቤት ደግሞ ከግቢዎቹ አጠገብ እንደሚፈለገው ብዛት የለም።

አስታማሚው። ይህን ደንበኛ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ከሁሉም የተረሳው እርሱ ነውና። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሕመምተኛ የሚቀበለው ከጎንደር ከተማ ብቻ አይደለም። ከደባርቅ፣ ከበለሳ፣ ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከሁመራ አቅጣጫ ይመጣል። አንድ ሕመምተኛ ሲተኛ አንድ ወይም ሁለት ዘመድ አብሮት ይቆያል። ያ ዘመድ ከተማውን አያውቅም፤ ለስንት ቀን እንደመጣም አያውቅም። ማደሪያ ይፈልጋል፤ ሆቴል ግን አቅሙ አይችልም። ለሕመምተኛው አጥሚት፣ ሾርባ፣ የፈላ ውኃ በቴርሞስ ይፈልጋል። ስልኩን ቻርጅ ማድረግ፣ ልብስ ማጠብ፣ ገላውን መታጠብ ይፈልጋል። ብርድ ልብስ ከመግዛት መከራየት ይቀለዋል። ሶፍት፣ ሳሙና፣ የሕፃን ዳይፐር በሌሊት ያስፈልገዋል። ከሆስፒታሉ በእግር በሚደረስበት ርቀት ሰባትና ስምንት ንጹሕ አልጋ፣ አንድ ገላ መታጠቢያ፣ አንድ ትንሽ ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ የከፈተ ሰው ክረምት ከበጋ ሥራ አያጣም፤ ሆስፒታል አይዘጋምና። አንድ ነገር ግን ከልብ እለምናለሁ፦ ዋጋውን በግልጽ ጻፉና ለጥፉት። የጨነቀውን ሰው በጭንቀቱ ማስከፈል ነውር ነው፤ አስታማሚም አገሩ ሲመለስ የከፈተለትንም የዘረፈውንም በስሙ ይናገራል።

ደሞዝተኛው። መምህሩ፣ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የአስተዳደር ሠራተኛው። ጊዜ የላቸውም። የተዘጋጀ እንጀራ፣ የተፈጨ ቅመም፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የልብስ እጥበት፣ ለልጆቻቸው የማጠናከሪያ ትምህርት ይፈልጋሉ። የሕፃናት ማቆያ በተለይ ተራ ለሚያድሩ የጤና ባለሙያዎች ትልቅ ችግር መፍቻ ነው፤ ኃላፊነቱ ግን ከባድ ስለሆነ ፈቃዱን ሳትይዙ እንዳትሞክሩት።

እንግዳው። ግንቡ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ተካትቷል። ጥር 10 እና 11 በፋሲል ጥምቀተ ባሕር የሚሰበሰበው ሕዝብ ከተማዋን ያጨናንቃታል። ከእነዚያ ቀናት ውጪ ግን የውጭ ጎብኚው ቁጥር በሰላሙ ይወሰናል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወረርሽኙ፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም በክልሉ የተፈጠረው ግጭት ተከታትለው ይህን ገበያ ክፉኛ ጎድተውታል። ስለዚህ እንግዳ ደጋፊ ገቢ ይሁን፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ገቢ አይሁን።

አምስተኛው በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚወጣውና የሚወርደው ነጋዴና ሹፌር ነው። የሰሊጥና የጥጥ ወቅት ሲደርስ ይበዛል። ጎማ ጥገና፣ ምሳ፣ ማደሪያ ይፈልጋል። ይህን የሚያውቁት አዘዞዎች ስለሆኑ ከእነርሱ ጠይቁ።

3. የዓመቱን ሥራ ካሌንደር ሥሩ

ትልቅ ወረቀት ወስዳችሁ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉትን ወራት ጻፉ። በአንዱ መስመር ተማሪ ያለበትንና የሌለበትን ጊዜ፣ በሌላው አጽዋማትን፣ በሦስተኛው በዓላትን፣ በአራተኛው ግብርና ፈቃድ ማደሻን አመልክቱ። የዩኒቨርሲቲውን የዓመት ካሌንደር ከሬጅስትራር ማስታወቂያ ላይ ውሰዱ፤ ባለፈው ዓመት እንዲህ ነበር ብላችሁ አትገምቱ፤ ከ2012 ወዲህ የመግቢያና የምረቃ ጊዜ በየዓመቱ ሲቀያየር ቆይቷልና።

ወረቀቱን ስትጨርሱ የሚታያችሁ ይህ ነው፦ መደበኛ ተማሪው ሲወጣ ለክረምት መርሐ ግብር የሚመጡ መምህራን ይተካሉ፤ ገንዘባቸው ከመደበኛው ተማሪ ይሻላል፤ ቁጥራቸው ግን ያንሳል። ምረቃ ሲደርስ ቤተሰብ ከመላ አገሪቱ ይመጣል፤ አልጋ፣ ኬክ፣ ፎቶግራፍ፣ የአበባ ጉንጉን፣ የባህል ልብስ ይፈለጋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋና ግብር የማስታወቂያው ጊዜ ከሐምሌ 1 ይጀምራል። ተማሪ ሲሄድ ግብር ይመጣል ማለት ነው። ለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ በየሳምንቱ የተወሰነ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ ያላስቀመጠ ሰው ሐምሌ ላይ ብድር ፍለጋ ይሮጣል።

4. ዘጠኝ ወር ሠርታችሁ ለአሥራ ሁለት ወር ክፈሉ

በዩኒቨርሲቲ ከተማ ሥራ ከፍተው የሚከስሩ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ሒሳብ ላይ ነው። የፎቶ ኮፒና የህትመት ቤት እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ በራሳችሁ ተኩ።

የቤት ኪራይ በወር 10,000 ብር፣ ደመወዝ 6,000፣ መብራትና ኢንተርኔት 2,000፣ ለማሽን ጥገናና መተኪያ 3,000 ብር ቢሆን ድምሩ 21,000 ብር ነው። በወር ሃያ ስድስት ቀን ብትሠሩ፣ ከአንድ ገጽ ወረቀትና ቀለም ተቀንሶ 2 ብር ቢቀር፣ ወጪያችሁን ለመሸፈን በቀን 404 ገጽ ይበቃል ብላችሁ ታስባላችሁ።

ሒሳቡ ስሕተት ነው። ይህ ሁሉ ወጪ ለአሥራ ሁለት ወር ይከፈላል፤ 252,000 ብር። ተማሪ ያለው ዘጠኝ ወር ቢሆን በእያንዳንዱ የሥራ ወር 28,000 ብር መሸፈን አለባችሁ። በቀን ወደ 540 ገጽ ይሆናል። ትርፍ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በ404 እና በ540 መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሱቆች ሐምሌ ላይ የሚዘጉበት ምክንያት ነው።

ልዩነቱን መሙያው ዋጋ መጨመር አይደለም። ተማሪ ለሃምሳ ሳንቲም ብሎ መንገድ ይሻገራል። መሙያው በዚያው ቤት፣ በዚያው ሠራተኛ፣ ክረምትም የሚሠራ ሁለተኛ አገልግሎት መጨመር ነው፦ የመንግሥት አገልግሎት ቅጾችን በኮምፒውተር መሙላት፣ የፓስፖርት መጠን ፎቶግራፍ፣ የሠርግና የለቅሶ ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ህትመት፣ የመጻሕፍት ጥራዝ። አንድ ሥራ ግን እንዳትገቡበት፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ሠርቶ ለተማሪ መሸጥ። ገንዘብ አለው፣ ተፈላጊም ነው። ነገር ግን ነገ በዚህች ከተማ የሚያክማችሁንና የሚዳኛችሁን ሰው ሳይማር እንዲመረቅ ማገዝ ነው። ጽሑፉን አርሙ፣ አሳምሩ፣ ጠርዙ፤ አትጻፉለት።

5. ቤት ሳትከራዩ ሁለት ሳምንት ሞክሩ

የኮንትራት ምግብ ለመጀመር ካሰባችሁ ከቤታችሁ ወጥ ቤት ለአሥራ አምስት ተማሪ ብቻ አብስላችሁ አድርሱ። የልብስ እጥበት ከሆነ የአንድ ዶርም ልብስ ሰብስባችሁ በእጅም ቢሆን አጥባችሁ መልሱ። በደብተር የምትጽፉት ስንት ሰው እንደመጣ ሳይሆን ስንት ሰው ተመልሶ እንደመጣ ነው። የመጀመሪያው ቀን ደንበኛ በጓደኝነትም በማየት ጉጉትም ይመጣል፤ በአሥረኛው ቀን የሚመጣው ግን ስለሠራችሁለት ነው። ከአሥራ አምስቱ አሥሩ በራሳቸው ፈቃድ ከቀጠሉ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሂዱ። ከቀሩት ጋር ተቀምጣችሁ ለምን እንደቀሩ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁን ሳትከራከሩ ጻፉት።

በዚህ ወቅት የዱቤን ነገር ወስኑ። ተማሪ ከቤተሰብ ገንዘብ እስኪላክለት በዱቤ ይበላል፤ ልማዱ የኖረ ነው፤ ጨርሶ እንቢ ማለትም አይቻልም። ገደብ አብጁለት፦ ለአንድ ሰው ከአንድ ሳምንት ምግብ አይብለጥ፣ በስሙና በስልኩ ይመዝገብ። በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፍል የራሳችሁን ሒሳብ ተመልከቱ እንጂ ከእርሱ ስልክ ላይ የሚታየውን መልእክት አትመኑ፤ የተቀነባበረ የክፍያ ማረጋገጫ ማሳየት የተለመደ ማጭበርበር ሆኗል።

6. ቦታውን በውኃው ምረጡ

ጎንደር ውስጥ የንግድ ቤት ከማየታችሁ በፊት ስለ ውኃው ጠይቁ። ውኃ የሚያቀርብላት የአንገረብ ግድብ ከተማዋ ካደገችው ልክ ጋር መጣጣም ካቃተው ቆይቷል፤ ሰፈሩ በፈረቃ ውኃ የሚያገኝ ከሆነ የመጠባበቂያ ታንከር ሳይኖር ምግብ ቤት፣ እጥበት ቤት ወይም ማረፊያ መክፈት ራስን ማድከም ነው። ጎረቤቶችን «ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አከራዩን አትጠይቁ። ስለ መብራት መቆራረጥም እንዲሁ። የታንከሩንና የጄኔሬተሩን ወጪ በአራተኛው ደረጃ ሒሳብ ውስጥ አስገቡ።

ቀጥሎ ፕላኑን አረጋግጡ። በከተማዋ የኮሪደር ልማት ሥራ ተጀምሮ ብዙ የመንገድ ዳር ሱቅና ኮንቴይነር ተነሥቷል። ቤቱ የሚፈርስ ወይም የሚነካ መሆን አለመሆኑን ከክፍለ ከተማው በጽሑፍ ባይሆን እንኳ ፕላኑን በዐይናችሁ አይታችሁ እወቁ። ከግንቡና ከሌሎች ቅርሶች ዙሪያ ባለው ክልል ውስጥ ያለ ፈቃድ ግንባታም ሆነ ማደስ አይፈቀድም።

አከራይ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ መጠየቁ የተለመደ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ኪራይ የሚጨመረው መቼና በምን ያህል እንደሆነ፣ የምታስገቡት ታንከርና መደርደሪያ የማን እንደሚሆን ይጻፍበት። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ማጸደቅ ጥቂት ብር ያስወጣል፤ ክርክር ሲመጣ ግን ቤታችሁን የሚያተርፈው እርሱ ነው። የሕግ ቃል ከከበዳችሁ የዩኒቨርሲቲው ሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና ጎራ በሉ።

7. ወረቀቱን ጨርሱ

እዚህ ላይ አጭር መሆን ይቻላል። የፋይዳ መታወቂያ ያዙ፤ ያለ እርሱ ባንክም ምዝገባም አይንቀሳቀስም። ከገቢዎች የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፤ ከንግድ ጽሕፈት ቤት የንግድ ምዝገባና የንግድ ሥራ ፈቃድ ውሰዱ። ምግብ፣ ማረፊያ፣ ሕፃናት ማቆያና የጤና ነክ ሥራ ከሆነ ከፈቃዱ በፊት የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ አስጎብኚም ለብቻው ፈቃድ አለው። የፈቃዱ ዘርፍ በትክክል የምትሠሩትን የሚገልጽ ይሁን፤ ለህትመት ፈቃድ ወስዶ ምግብ መሸጥ ቅጣት ያመጣል። በየዓመቱ ይታደሳል።

ብቻችሁን ከሆናችሁ በግል ነጋዴነት መመዝገብ ይበቃል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ ሥራው ሲያድግ የቤታችሁን ንብረት ከሥራው ዕዳ ለመለየት ይረዳችኋል። ከጓደኞቻችሁ ጋር ከሆናችሁ ደግሞ ከመደራጀታችሁ በፊት አንድ ሰው ቢወጣ ድርሻው እንዴት እንደሚታሰብ ጻፉ። ሲዋደዱ የተጻፈ ውል ሲጣሉ ያግባባል።

8. ገንዘቡን ከቅርብ ጀምሩ

የመጀመሪያው ገንዘብ የራሳችሁ ቁጠባ፣ ሁለተኛው እቁብ ይሁን። እቁብ ወለድ የለውም፤ ዳኛውም ያውቃችኋል። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቱ ለተደራጁ ወጣቶች የሚያመቻቸውን ብድር፣ የመሥሪያ ሼድና ሥልጠና ጠይቁ። ቀድሞ አብቁተ ይባል የነበረው ፀደይ ባንክ በቡድን ዋስትና ማበደርን ከጥንት የሚያውቅ ነው። ቤትና መሬት የሌለው ሰው ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ማሽን፣ ተሽከርካሪና ሸቀጥ በዋስትና እንዲያዙ ይፈቅዳል። ሁሉም ባንክ በደስታ አይቀበለውም፤ ሳይጠይቁ መቅረት ግን አይገባም።

ለብድር ስትሄዱ የአምስተኛውን ደረጃ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ከተሸለመ የንግድ ዕቅድ ይልቅ የሁለት ሳምንት እውነተኛ ሽያጭ ያሳምናል።

9. የእጅ ሙያውን በክብር ያዙት

ግንቡን ተዉት አላልኩም። የጎንደር ጥልፍ፣ የብር ሥራ፣ የብራና ጽሑፍ፣ የወለቃ ሸክላ፣ የቆዳ ሥራ እውነተኛ ሀብት ነው። ነገር ግን ከሌላ ቦታ በጅምላ የመጣ፣ በሁሉም ሱቅ የሚታይ ዕቃ ደርድሮ ጎብኚ መጠበቅ ይህን ሀብት አያንቀሳቅሰውም። የተሻለው መንገድ ዕቃውን ለአገር ልጅ መሥራት ነው። ተመራቂው ጥልፍ ያለበት የባህል ልብስ ይፈልጋል። ሙሽራው ይፈልጋል። የመሥሪያ ቤት ጉባኤ የሚያዘጋጀው ለእንግዶቹ ስጦታ ይፈልጋል፤ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጉባኤ አያልቅበትም። በውጭ የሚኖረው ጎንደሬ ለልጁ ክርስትና ይፈልጋል።

ከሙያተኛው ጋር ስትሠሩ የእርሱን ስም ከዕቃው ጋር ጻፉ፤ የሠራበትን ዋጋም ሳትጨቁኑ ክፈሉ። ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ በዚህች ከተማ ለዘመናት እየሠሩ የተናቁ ሰዎች ነበሩ፤ ያን ንቀት በዋጋ መልሶ ማምጣት አይገባም። አሮጌ የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል ወይም ሥዕል «ልሽጥልህ» የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ግን በራችሁን ዝጉ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ይከለክለዋል፤ የተሰረቀ የመሆኑ ዕድልም ከፍተኛ ነው።

የግንበኝነት ሙያ ያላችሁ ደግሞ የኖራ አሠራርን ተማሩ። ግንቡ በሲሚንቶ አይጠገንም። የቅርስ ጥገና በተነሣ ቁጥር በኖራ የሚሠራ ግንበኛ ይፈለጋል፤ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

10. ለዩኒቨርሲቲው ራሱ ሽጡ

ዩኒቨርሲቲው የተማሪ መሰብሰቢያ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ገዢ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ አትክልት፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የደንብ ልብስ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ፣ የጽዳት አገልግሎት በጨረታ ይገዛል። የደምቢያን ጤፍና ሽምብራ፣ የፎገራን ሩዝ ከገበሬው ማኅበራት አሰባስቦ ማቅረብ ብዙ ካፒታል ለሌለው ቡድንም የሚቻል ነው፤ መጓጓዣውን ግን አስቀድማችሁ አስተማምኑ፤ መንገድ ሲዘጋ ውሉን ያፈረሳችሁት እናንተ ትሆናላችሁ። በማይክሮና አነስተኛ ደረጃ የተደራጀ ማኅበር የጨረታ ማስከበሪያውን ከአደራጁ ጽሕፈት ቤት በሚሰጥ የዋስትና ደብዳቤ መተካት ይችላል፤ ይህን መብት ሳያውቁ የሚቀሩ ብዙዎች ናቸው።

የመንግሥት ክፍያ ይዘገያል። ሦስት ወር ያለ ክፍያ ማቅረብ የማትችሉ ከሆነ ትንሹን ጨረታ ተወዳደሩ እንጂ ትልቁን አትመኙ።

ከመሸጥ ውጪም የምትወስዱት አለ። ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጎን ለጎን የማኅበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና፣ የምግብ ደህንነት ምክር፣ የተግባር ልምምድ የሚያደርግ ተማሪ በደብዳቤ ጠይቁ። የሒሳብ ተማሪ አንድ ወር መዝገባችሁን ቢያስተካክልላችሁ ለሁለታችሁም ይበጃል፤ የምሳውን ዋጋ ቻሉት።

11. የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ

ነሐሴ ላይ፣ የኪራይ ውሉን ከማደሳችሁ በፊት፣ ደብተራችሁን ከአራተኛው ደረጃ ሒሳብ ጋር አስተያዩ። በሥራው ወራት በአማካይ ከዕቅዱ በላይ ከሠራችሁ ያተረፋችሁትን ሌላ ቅርንጫፍ ለመክፈት አታውጡት፤ መጀመሪያ የውኃ ታንከሩን፣ የመጠባበቂያ መብራቱንና የሦስት ወር ኪራይ መጠባበቂያውን ሙሉ። ከዕቅዱ ጥቂት ካነሳችሁና የክረምቱ ሁለተኛ አገልግሎት ግን ከሠራ፣ ዋናውንና ደጋፊውን ቀይሯቸው። ከግማሽ በታች ከሆነ ለሁለተኛ ዓመት አትፈርሙ፤ ማሽኑን ጠብቃችሁ፣ ፈቃዱን በወቅቱ መልሳችሁ፣ ከተመለሱት ደንበኞች ጋር እንደገና ከቤት ጀምሩ። ፈቃድ ሳይመልሱ ሱቅ መዝጋት ባልሠራችሁበት ጊዜ ግብር ያስቆጥራልና መሰረዣውን በጽሑፍ ተቀብላችሁ ከሌሎች ሰነዶቻችሁ ጋር አስቀምጡ።